«እንዲል» የሚያሰኝ ዓረፍተ ነገር ፍለጋ

የአጭር ልቦለድ መድበል ሳነብ እርሳስ ከእጄ አይለይም። ታሪኩ ሠምሯል አልሠመረም የሚለውን ለሃያሲዎቹ ትቼ፣ እኔ የማሰምረው አንዱ ገጸ ባሕርይ ሳያስበው ጣል ያደረጋትን ቃል ነው። ያቺን ቃል ከነዓረፍተ ነገሯ፣ ከነገጽ ቁጥሯ፣ ከነደራሲዋ ስም አንስቼ ዊክሽነሪ በሚባለው፣ ማንም ገብቶ ሊጽፍበት በሚችለው የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ውስጥ ከፍቺዋ ሥር አስቀምጣታለሁ። ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ይህን ስሠራ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ይከፍሉሃል?» ብሎ ነው። ቀጥሎ ደግሞ «ፍቺውን ከጻፍህ መች አነሰ? ጥቅሱ ምን ያደርጋል?» ይለኛል። ለመጀመሪያው መልሱ አጭር ነው፤ አይከፍሉም። ሁለተኛው ግን በቆመበት የሚመለስ ስላልሆነ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ዊክሽነሪ የዊኪፔዲያ እኅት ነው። በታኅሣሥ 1995 ዓ.ም በእንግሊዝኛ ተጀመረ፤ ዛሬ አማርኛም የራሱ አለው፤ በእንግሊዝኛው ውስጥም የአማርኛ ቃላት በእንግሊዝኛ እየተፈቱ ይገባሉ። ደንቡ የጠበቀው በእንግሊዝኛው ነውና የማወራው በአብዛኛው ስለ እሱ ነው። ደንቡ ሲጠቃለል፣ አንድ ቃል አለ የሚባለው ሰዎች ሲጠቀሙበት ሲታይ ነው። ብዙ ጽሑፍ ላላቸው ቋንቋዎች ሦስት ጥቅስ ይጠየቃል። ሦስቱ አንዱ ከአንዱ ያልተቀዳ፣ በመካከላቸው ከዓመት ያላነሰ ጊዜ ያለፈባቸው፣ እንደ ታተመ መጽሐፍ ቶሎ በማይጠፋ ነገር ላይ የሰፈሩ መሆን አለባቸው። ጽሑፍ ለሚያንሳቸው ቋንቋዎች አንድም ይበቃል። እኔ ግን ለአማርኛ ቃል አንድ ይበቃል ብሎ የሚያስተኛ ልብ ስለሌለኝ ሦስት እፈልጋለሁ። ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር አፍ ይጸናል ሲባል የኖረበት አገር ነው፤ ቁጥሩን ከፈረንጅ አልተዋስሁም።

እንዲያውም ይህ ሥርዓት እንግዳ የሚሆንበት ጎጃሜ ብዙ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው፣ እሱ ራሱ አንዲት ጉባኤ ቃና ባይዘርፍ እንኳ፣ ከዘመዱ መካከል አንድ መሪጌታ አያጣም። በትርጓሜ ቤት መምህሩ ንባቡን ያነባል፣ ይፈታል፣ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ይጨምራል፤ ፍቺውን ግን ሜዳ ላይ ጥሎ አይሄድም። ከሌላ መጽሐፍ አንድ ኃይለ ቃል ይጠቅስና «እንዲል» ብሎ ያሥረዋል። መምህሩ የቱንም ያህል ሊቅ ቢሆን «እኔ ስላልሁ ነው» አይልም፤ ደቀ መዝሙሩም ጥቅስ ያልተከተለውን ፍቺ በጎሪጥ ያየዋል። ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ ተረክበው የደከሙበት፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ በደስታ ተክለ ወልድ ትጋት በ1948 ዓ.ም የታተመው የግእዝ መዝገበ ቃላት በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። ግሱ ይፈታል፤ ከፍቺው ጋር ቃሉ የተነገረበት የመጽሐፍ ምዕራፍና ቁጥር ይከተላል።

ለግእዝ ምስክሩ ቅዱስ መጽሐፍ ነው። ለአውድማው፣ ለጠላ ቤቱ፣ ለእርሻው፣ ለምራትና ለአማት ጠብ አማርኛ ግን ማን ይመስክር? ጋዜጣ እነዚህን ቃላት አይዛቸውም፤ ጋዜጣ «ምርትና ምርታማነትን ማሳደግ» እንጂ «ላይዳ» አይልም። የመንግሥት ደብዳቤም አይዛቸውም። የሚይዛቸው ሰው የሚነጋገርበት ጽሑፍ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ደግሞ አጭር ልቦለድ ይሻለኛል። ረጅሙ ልቦለድ ስድስት መቶ ገጽ ሙሉ ከአንድ አገርና ከአንድ ቤተሰብ ጋር ይኖራል፤ መድበሉ ግን በአንድ ሽፋን ውስጥ ገበሬውን፣ የቡና ቤቷን አሳላፊ፣ የቆሎ ተማሪውን፣ ጡረታ የወጣውን ወታደር ተራ በተራ ያናግራል። አሥር ታሪክ አሥር ዓይነት አፍ ነው።

እንግሊዞችም ምስክሩን ከተራ አንባቢ ነው የለቀሙት። ኋላ የኦክስፎርድ የተባለውን መዝገበ ቃላት ያዘጋጅ የነበረው ጀምስ መሪ በ1879 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ጥሪ አቀረበ፤ መጽሐፍ ስታነቡ ያገኛችሁትን ቃል ከነዓረፍተ ነገሩ በቁራጭ ወረቀት ገልብጣችሁ ላኩልኝ አለ። ወረቀቱ በፖስታ እየጎረፈ በጓሮው ባቆመው የቆርቆሮ ቤት ተደረደረ። ሥራው በ1928 እ.ኤ.አ. ሲያልቅ መሪ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ የታተመው ጥቅስ ወደ 1.8 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። እኔ በስልክ የምሠራው የዚያን ቁራጭ ወረቀት ሥራ ነው። ዳታ በሚጠፋበት ጊዜማ ጭራሽ ወደ ወረቀቱ እመለሳለሁ፤ ደብተር ላይ ገልብጬ አጠራቅምና ሲመለስ እጭነዋለሁ።

ከራስ ፈጥሮ ምሳሌ መጻፍስ ለምን አይበቃም? «አበበ በሶ በላ፣ ጫላ ጩቤ ጨበጠ» ብለን ፊደል የቆጠርን ሁሉ መልሱን እናውቀዋለን። አበበ በሶውን የበላው ርቦት አይደለም፤ «በ»ን ሊያስጠናን ነው። መዝገበ ቃላት ጸሐፊ ከሆዱ የሚያወጣው ምሳሌም እንዲሁ ነው፤ ቃሉ ጎልቶ እንዲታይ ሲባል ሌላው ሁሉ ከዓረፍተ ነገሩ ተጠርጎ ይወጣል። «ገበሬው ወንፈል ሄደ» ብዬ ብጽፍ ማን ይቃወመኛል? ግን አንባቢው ወንፈል ሰው የሚሄድበት ነገር መሆኑን እንጂ ሌላ ምንም አልተማረም። ለቅሶም ይኬዳል፤ ወፍጮም ይኬዳል።

ወንፈልን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቃሉን የሚፈታ አንድ ገጽ ላይ ፍቺው በአንዲት ቃል ተጽፎ አገኘሁት፤ «ደቦ» ይላል። እዚህ ሰው መሐል ያደገ ሁሉ ልዩነቱን ያውቃል፤ ግን አፍ ሞልቶ ንገር ቢሉት ይቸገራል። ብቸና በኩል ገጠር የምትኖር አክስት አለችኝ፤ ስሄድ ጠየቅኋት።

«እንዴ! አንተ ልጅ፣ ከተማ ገብተህ ይኸም ጠፋህ?» አለችና ሳቀችብኝ። «ደቦማ ጠላ ያለው ሰው ነገር ነው። ትጠምቃለህ፣ ትጋግራለህ፣ አገሩን ትጠራለህ፤ ሰዉ እየዘፈነ ያጭድልህና በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል። ወንፈል የጉልበት ብድር ነው። ዛሬ የኔን ካጨድህ ነገ ያንተን አጭዳለሁ፤ ቀኑ ተቆጥሮ ይመለሳል። ወንፈል በልቶ ዝም ያለ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ማን ይመጣለታል?»

ከዚህ የተሻለ ፍቺ ከየትም አላገኝም። «ወንፈል በልቶ» ማለቷን ልብ በሉልኝ፤ ዕዳ ነው የሚበላው። ይሁን እንጂ አክስቴን መጥቀስ አልችልም። ቃሏ አልታተመም፤ ነገ ሌላ ሰው ሄዶ ሊያረጋግጠው አይችልም። ፍቺውን በእሷ አባባል አቃንቼ ምስክሩን ከመጽሐፍ መፈለግ ነበረብኝ።

ያገኘሁት ሽፋኑ ተገንጥሎ በካኪ ወረቀት በተለበጠ አሮጌ መድበል ውስጥ ነው። በታሪኩ ውስጥ አንድ ገበሬ ታሞ ተኝቷል፤ አጨዳ ደርሷል። ጎረቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ለሚስቱ የወንፈሉን ቀን ያስታውሳታል። በክፋት አይደለም፤ የሱም ሰብል እየረገፈበት ነው። ሴትዮዋ በባሏ ፈንታ ገና ያልጠናውን ልጇን እልካለሁ ትላለች። ጎረቤትየው ልጁን ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል፤ አንድ የሰው ቀን ይሞላ እንደሆነ እየለካው ነው። ደራሲው ወንፈል ምን እንደሆነ አንዲት ቃል አልተናገረም። ሊያስረዳን አልፈለገም፤ ስለ ሴትዮዋ ጭንቅ ነበር የሚጽፈው። አሁን በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ወንፈል»ን አውጥታችሁ «ደቦ»ን አስገቡበት። ይፈርሳል። ደቦ አልመጣህም ብሎ የሕመምተኛ ደጅ የሚቆም ሰው የለም፤ ቢኖርም ታሪኩ ስለ ባለጌ ሰው ይሆናል እንጂ ስለ ዕዳ አይሆንም። ሁለቱን ዓረፍተ ነገር ገልብጬ ከፍቺው ሥር አስቀመጥሁ፤ «ደቦ» የሚለውን ፍቺ አነሳሁት። የተከራከረኝ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ጥቅስ ስመርጥ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ደራሲው ቃሉን ሊያሳየን ፈልጎ ነው ወይስ ሌላ ነገር እየነገረን አመለጠው? ዊክሽነሪም በቃሉ መጠቀምንና ቃሉን መጥቀስን ይለያል፤ «ላይዳ ማለት እህል ማዝሪያ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ስለ ቃሉ ያወራል እንጂ በቃሉ አልተጠቀመም። ከሁሉ የሚታመነው ምስክር እመሰክራለሁ ብሎ ያልመጣው፣ በመንገድ ሲያልፍ ያየው ነው። የአገር ሽማግሌ ይህን ያውቃል። ተዘጋጅቶ የመጣውን «ይህ ተጠንቷል» ይለዋል።

በዚህ መለኪያ ብዙ ጥሩ የሚመስል ነገር ይወድቃል። የገጠር ቃል በጻፈ ቁጥር ከሥሩ የግርጌ ማስታወሻ የሚያስቀምጥ ደራሲ አለ፤ ለከተማ አንባቢ አዝኖ ነው። ማስታወሻው ለፍቺ ይረዳኛል፤ ለጥቅስ ግን ጥርጣሬ ያሳድርብኛል። ሰውየው ቃሉን ለጌጥ ፈልጎት ይሆናል፤ ጌጥ ደግሞ ከማንም ይዋሳሉ። «ምራኑን — ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያሥረውን ጠፍር — ፈታ» የሚል ገበሬ ደግሞ አላውቅም። በሬ ጠምዶ የሚውል ሰው ምራኑን ይፈታል፤ ያበቃል።

የባሰው ለሳቅ የተጻፈው ጎጃሜ ነው። ይህን ሳነብ ደሜ ይፈላል፤ ስለዚህ ፍርዴ የተዛባ ሊመስላችሁ ይችላል። አዲስ አበባ ተቀምጦ አንድ የጎጃም ገበሬ ታክሲ ውስጥ ያስገባል፤ ሰውየው አፉን በከፈተ ቁጥር በአራት ቃል ውስጥ አምስት የአገር ቤት ቃል ይደረድራል። እንደዚያ የሚናገር ሰው ደጀንም፣ ቡሬም፣ ሞጣም የለም። ጥቅሱ ምስክርነት የለውም ማለቴ ግን አይደለም፤ አዲስ አበባ ጎጃምን እንዴት እንደምትሰማው ይመሰክራል። ለዚያ ከሆነ ልጠቅሰው እችላለሁ፤ «በጎጃም እንዲህ ይባላል» ለማለት ግን አልጠራውም።

ለመሆኑ አንድ ቃል «የጎጃም» ነው የሚባለው በምን ተለይቶ ነው? በደራሲው የትውልድ ቦታ ብንል ወዲያው እንሳሳታለን። የደብረ ማርቆስ ተወላጁ ተመስገን ገብሬ በ1941 ዓ.ም ያሳተመው፣ በብዙዎች ዘንድ የመጀመሪያው የአማርኛ አጭር ልቦለድ የሚባለው ሥራ «የጉለሌው ሰካራም» ነው። ሰካራሙ የጉለሌ፣ ጸሐፊው የጎጃም። በዚያ ታሪክ ውስጥ ላለ ቃል «ጎጃም» የሚል ምልክት ልለጥፍበት? ታሪኩ የሚካሄድበት አገር፣ የሚናገረው ሰው የመጣበት አገር፣ ደራሲው ያደገበት አገር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሦስቱ ሲገጥሙልኝ ብቻ የአገሩን ስም እጽፋለሁ። ሳይገጥሙ ቃሉን ያለ አገር እተወዋለሁ። በአማርኛ ብዙ «የጎጃም ብቻ» የተባለ ቃል ጎንደርም ወሎም ቤቱ ሆኖ ይገኛልና ሳልቸኩል የቀረሁበትን አላዝንበትም።

በነገራችን ላይ ፍርድ ቤት የሰካራምን ቃል አይቀበልም፤ እዚህ ግን ሰካራም አንደኛ ምስክር ነው። ቃል አይመርጥም፤ አያሳምርም፤ የተማረውን ረስቶ ያደገበትን ይናገራል።

ጥቅሱ ከተገኘ በኋላ ያለው ሥራ የጸሐፊ ሥራ ነው፤ አሰልቺ ቢሆንም አማርኛን በቅርብ ያሳያል። መጀመሪያ ግሱ ራሱ። መዝገበ ቃላቱ ላይ ገጹ የተከፈተው «ተንጎራደደ» ተብሎ ነው፤ ታሪክ ውስጥ ግን ማንም በዚያ መልክ አያገኘውም። «እየተንጎራደደ» አለ፣ «ስትንጎራደድ» አለ፣ «አይንጎራደድም» አለ። እንግሊዝኛ ጠቃሽ ቃሉን ብቻ አጥቁሮ ያልፋል፤ እኛ ቅድመ ግንዱንም ድኅረ ግንዱንም አብረን እናጠቁራለን። ለዚህ ነው መፈለጊያው ሳጥን ለአማርኛ ብዙም የማያገለግለው፤ የግሱን ልጆች ሁሉ አንድ በአንድ ገብቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ጥብቀት። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ የእንግሊዝኛው ዊክሽነሪ ደግሞ ከጥቅሱ ሥር በላቲን ፊደል አነባበቡን ይፈልጋል፤ እዚያ ላይ መደበቅ የለም። «ሰፊ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥም ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው ወይስ ቤቱ አይጠብም ማለት ነው? ከአውዱ ይታወቃል ትላላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይታወቃል። አጭር ልቦለድ ጸሐፊ ግን ሰምና ወርቅ የሚወድ ሕዝብ ልጅ ነውና አንዳንዴ ሁለቱንም ፈልጎ ይጽፈዋል። ያኔ አንዱን መርጬ ስጽፍ ወርቁን እቀብራለሁ። እንዲህ ያለውን ጥቅስ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለሁለቱም ፍቺ አልጠቀምበትም።

ፊደሉን በተመለከተ አቋሜ ጥብቅ ነው። መጽሐፉ «ሠርግ» ካለ «ሠርግ»፣ «ሰርግ» ካለ «ሰርግ»። በአንድ መድበል ውስጥ ገጽ 14 ላይ «ዐይን»፣ ገጽ 40 ላይ «አይን» ተጽፎ ቢገኝ ሁለቱም እንዳሉ ይቀዳሉ። ድሮ «ጎዣም» ብሎ የጻፈውንም «ጎጃም» ብዬ አላርመውም፤ የሰው እጅ ነው፣ ዘመን ነው። በአሮጌዎቹ መጻሕፍት በየቃሉ መካከል ያለችውን ሁለት ነጥብ ግን አወጣታለሁ። በኮምፒውተር ፍለጋ ላይ እንቅፋት ናት፤ ቃሉንም አትለውጠውም። አንድ ሌላ ጠቃሽ በዚህ አይስማማም፤ ነጥቧም የዘመኑ እጅ ናት ባይ ነው። ውይይታችን እስካሁን አላለቀም።

ዓመቱም የራሱ ጣጣ አለው። መጽሐፉ «1985 ዓ.ም» ይላል፤ መዝገበ ቃላቱ የሚቆጥረው በአውሮፓ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ከታተመ 1992 ነው፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ 1993። የታተመበት ወር የተጻፈበት መጽሐፍ ጥቂት ነው። ሁለቱንም ዓመት በእዝባር ለይቼ እጽፋለሁ፤ ከጎኑ የኛን ዓ.ም አስቀምጣለሁ። ጥቅሶቹ ከዓመት ባላነሰ ጊዜ መራራቅ አለባቸው ለሚለው ደንብ ይህ ቀልድ አይደለም፤ በአንድ ክረምትና በተከታዩ መስከረም የወጡ ሁለት መጻሕፍት በእኛ አቆጣጠር የሁለት ዓመት፣ በነሱ የአንድ ዓመት ናቸው።

ከመድበል የሚጠቅስ ሰው ደግሞ ከሌላው የተለየ ራስ ምታት አለበት። የታሪኩ ርዕስ አለ፣ የመድበሉ ርዕስ አለ፤ ሁለቱም ይጻፋሉ። ታሪኩ መድበል ውስጥ ከመግባቱ በፊት እንደ መነንና የካቲት ባሉ መጽሔቶች ወጥቶ ከሆነ ቃሉ የሚቆጠረው ከዚያ ዓመት ጀምሮ ነው፤ መጽሔቱን በዓይኔ ካላየሁ ግን የመድበሉን ዓመት እጽፋለሁ እንጂ ቃሉን በወሬ አላስረጀውም። የአንድ ደራሲ መድበል ውስጥ ቃሉ በአራት ታሪክ ቢገኝ ምስክሩ አንድ ነው፤ አንድ ሰው አራት ጊዜ ቢናገር አራት ሰው አይሆንም። የብዙ ደራሲዎች መድበል ሲሆን በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ ደራሲ ለብቻው ይቆጠራል። እኔ እዚህ ላይ ከደንቡ እጠብቃለሁ፤ ሁለት ጥቅስ እንኳ ከአንድ መድበል አልወስድም። የሁሉንም ታሪክ አንድ አራሚ ነው ያለፈበት። አራሚ ደግሞ ያልለመደውን ቃል ሲያይ እጁ አያርፍም፤ ሁለት ደራሲ አንድ ዓይነት ቃል ሲናገር ካየሁ ቃሉ የደራሲዎቹ ይሁን የአራሚው በምን አውቃለሁ?

ስንት መስመር መጥቀስ ይፈቀዳል ለሚለው ሕጉ ከባድ አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውንና ምንጩን እስከጠቀሱ ድረስ ከታተመ ሥራ አጭር ክፍል መጥቀስን ይፈቅዳል። ለቃል ፍቺ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ከዚያ ያለፈ ከሆነ የተጠቀሰው ታሪኩ ነው። እኔ በራሴ ላይ የጣልሁት ሌላ ሕግ አለ፤ የአጭር ልቦለድን መጨረሻ አልጠቅስም። ከረጅም ልቦለድ አንዲት መስመር ቢወጣ ምንም አይጎድልበትም። አጭር ልቦለድ ግን ስምንት ገጽ ሙሉ ሲያጠራቅም ቆይቶ ሁሉንም በመጨረሻዋ መስመር ላይ የሚያፈሰው አለ። ቃል ሊፈልግ የገባ ሰው ያችን መስመር መዝገበ ቃላት ውስጥ ቢያገኛት ደራሲውን ዘረፍሁት ማለት ነው። የምፈልገው ቃል እዚያ ብቻ ያለ እንደሆነስ? እንዲህ ያለ አንድ ቃል በደብተሬ አለ፤ ምስክሩ እያለ ሳይጠራ ተቀምጧል።

ይህን ሁሉ ስናገር ደንቡን ያለ ቅሬታ የተቀበልሁት እንዳይመስላችሁ። አክስቴ በአንድ ምሽት የምትናገረው ቃል በሙሉ ቢሰበሰብ ግማሹ ምስክር የለውም፤ አልታተመምና። መጽሐፍ የሚጽፈው ፊደል ቆጥሮ ከተማ የገባው ነው፤ ሴቶች ጌሾና ብቅል ይዘው ጋን ሲያጥኑ የሚሉትን፣ እረኞች በግጦሽ ላይ የሚሉትን ሰምቶ የጻፈ ስንት ነው? ደንቡ ለንደን ላይ ለበቀለ ቋንቋ የተሰፋ ልብስ ነው፤ ብዙ የታተመለት ብዙ ይመሰከርለታል። ለዚህ መልስ ሆኖ «የቃል ምስክር ይግባ» የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን እፈራዋለሁ። በኢንተርኔት ላይ «አያቴ እንዲህ ትል ነበር» ለማለት አያት መኖር አያስፈልግም። የፈለገው ሁሉ ቃል ፈጥሮ በሞተች አያቱ ያስመሰክራል፤ ያኔ እውነተኛዋም አክስቴ አትታመንም። ስለዚህ የሚቀረው ደራሲዎቹን መለመን ነው። የእናታችሁን አፍ በታሪካችሁ ውስጥ እንዳለ ተዉት፤ አትተርጉሙት፤ ለከተማ አንባቢ አትዘኑለት፤ ካልገባው ይፈልገዋል። ሲፈልገው ደግሞ እዚያ ጠብቀን እንይዘዋለን።

እስከዚያው የእርሻና የአውድማ ቃላት ላይ ነኝ። ለምራን ሦስቱም ሞልተውልኛል። ለመንሽ ሁለት አለኝ፤ አንዱ ግን ከግርጌ ማስታወሻ ጋር ነው። ለላይዳ አንድ። ማረሻውንና ድግሩን ከሞፈሩ ጋር አጥብቆ ለሚይዘው ወገል ምንም፤ ገበሬ የሌለበት መድበል የለም፣ ወገሉ የላላበት ገበሬ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ቤታችሁ አሮጌ መድበል ካለ እያያችሁ። ቃሉ ያለበትን ገጽና ከፊት ያለውን የማተሚያ ቤቱና የዓመቱ ስም ያለበትን ገጽ፣ ሁለቱን በስልክ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ ሽፋኑ ተቀድዶ ዓመቱ የጠፋ ከሆነም ላኩት፣ ከሌላ ቅጂ አፈላልገዋለሁ። ከሥሩ ፍቺ የተጻፈበት ገጽ ከሆነ ግን አትድከሙ።